ሱቁን ዘግታችሁ አብራችሁ ሂዱ

ማንጋቴን ውስጥ ከእህት ወይም ከወንድም ጋር አንድ ሱቅ የያዝን ብዙ ነን። አገር ቤት የምንገባው ግን በተራ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሱቅ ይጠብቃል። ይህ ልማድ ይቅር ባይ ነኝ። እኔና ታናሽ እህቴ ለዓመታት የምናወራው ስለ ዕቃና ስለ ዶላር ምንዛሪ ብቻ ነበር።

አምና ለሹዋሊድ በዓል አብረን ሐረር ሄድን። ከጁባ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከለቡ ጣቢያ ድሬዳዋ በባቡር። እስከ ድሬዳዋም አውሮፕላን አለ፣ ይፈጥናልም። ባቡር ግን ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ያስቀምጣችኋል፤ ደንበኛ አይመጣ፣ ስልኩም በየመሀሉ ኔትወርክ ያጣል። አዋሽን ሳናልፍ ስለ እናታችን ማውራት ጀመርን። ከቀበርናት ወዲህ አንስተናት አናውቅም ነበር።

ባቡሩ ሐረር አይገባም። የድሮው ሐዲድም ተራራውን ሸሽቶ በቆላው ስላለፈ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ቀሪው መንገድ በሚኒባስ ነው።

ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበር፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። ዚክሩና ከበሮው ሌሊቱን ይዘልቃል። እህቴ ስታጨበጭብ ያየሁት ከልጅነታችን ወዲህ ያኔ ነው።

የሳምንት ገበያ ቀርቶብናል፣ ኪራዩም አልቆመልንም። ዘንድሮም እንዘጋለን። ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐረር ያለ ሰው ጠይቁ።