አሮጌዋ የስፖርት መኪናና የልጁ መቀመጫ

ከሰበታ የጻፉልን አንዲት እናት ባለቤታቸው አሮጌ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ለመግዛት ማሰባቸውን ገልጸው፣ የአራት ዓመት ልጃቸው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አባቶች አስቀድመው የሚከፍቱት የሞተሩን ክዳን ነው፤ እናት ግን የኋላውን ወንበር ማየት ይኖርባታል።

«ትራየምፍ ስፒትፋየር» የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ከምርጫው ትወጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1980 የተሠራችው «ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ» ከኋላ ጠባብ ወንበር አላት፤ ለአዋቂ አትመችም፣ ለልጅ ግን ትሆናለች። ከ1970 እስከ 1977 የተሠራችው «ትራየምፍ ስታግ» አራት ሰው ትይዛለች፤ ሆኖም ሞተሯ ቶሎ በመጋል የታወቀ ነው። የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ሱሉልታ ለሚመላለስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን ቦታ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት የኋላ ቀበቶ ሳይኖራቸው ነው። የሕፃን ወንበር ደግሞ በቀበቶ ካልታሰረ ዋጋ የለውም። ቀበቶውም ዝገት ካልነካው የመኪናዋ ብረት ጋር በሚያውቅ መካኒክ መታሰር አለበት። ልጅን አቅፎ ከፊት መቀመጥ፣ በቡራዩ መንገድ ዘወትር የምናየው ቢሆንም፣ ጨርሶ አይሞከር፤ በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ ልጁን ሊያስቀር አይችልም።

መሪዋ በስተቀኝ ከሆነም ይታሰብበት። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በቀኝ መስመር በመሆኑ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ለመቅደም ፊት ለፊት የሚመጣውን ማየት ያስቸግራል። «ከውጭ አስመጣላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ደግሞ መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን ንገሩት።

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ከኋላ አስቀምጡት። ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ከወዲሁ ከነካ፣ ለከርሞ አትሆነውም።