የግብዣ ደብዳቤና የተማሪ ብዕር

ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ የሚወጣ ሰው በስድስት ኪሎ በራችን ያልፋል። በእጁ ክላሴር ይዟል፤ በክላሴሩም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ዘመድ የመጣ የግብዣ ደብዳቤ ይገኛል። እኛ ተማሪዎች ይህን ሰው ዘወትር እናየዋለን፤ ደብዳቤውን ማን እንደ ጻፈውና ምን እንደሚል ግን ጠይቀን አናውቅም።

በቅርቡ አንዲት የአራዳ እናት ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው በአሜሪካ ልትወልድ ስለሆነ ሄደው ሊያርሷት አስበዋል። ልጅቷ ፈርማ እንድትልከው፣ ገንዘብ ከፍለው በስሟ ያስረቀቁት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ እናትየዋ ባለ ቪላ ነጋዴ መሆናቸውንና የሚሄዱትም አገር ለመጎብኘት መሆኑን ይናገራል። ወደ አማርኛ መልሰን ብናነብላቸው ደነገጡ። «ልጆቼ፣ እኔ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነበርሁ፤ እሱም ፈረሰ። የምሄደውም ገንፎ ላገነፋላት ነው» አሉን።

ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን የሚጎዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለጉብኝት የሚያመለክተውን ሰው፣ አለመሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንደሚሄድ አድርጎ ይቆጥረዋል። አመልካቹ የሚመዘነው በአገሩ ባለው ትስስር ነው እንጂ በጋባዡ ዋስትና አይደለም፤ የግብዣ ደብዳቤም በአሜሪካ ዘንድ ግዴታ አይደለም። አውቆ ሐሰት ያቀረበ ግን ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። በጀርመን ደግሞ የጋባዡ ሕጋዊ የኃላፊነት ፊርማ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ መንግሥት ለእንግዳው መኖሪያ ወይም ሕክምና ያወጣውን ከጋባዡ ያስከፍላል።

እርግጥ ነው፣ ሐሰቱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። ትስስር ሲባል የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ይታሰባል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ካርታ የለውም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱም የብዙ ሰው አድራሻ ተለወጠ። ታዲያ የሠላሳ ዓመት ዕድር፣ ማኅበር፣ ጡረታና እዚሁ የቀሩ የልጅ ልጆች ትስስር አይደሉምን? ቆንስሉ ይህን ይቀበል አይቀበል ሥልጣኑ የእርሱ ነው። እውነቱን ማስረዳት ግን የእኛ ፈንታ ነው፤ የዕድሩም ዳኛ ሊመሰክር ይችላል።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የተማርን ሁሉ ዕዳ አለብን። ጋባዡ ማን እንደሆነ፣ ዝምድናው፣ የጉዞው ምክንያት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት እንደሚታረፍና ወጪውን ማን እንደሚችል፤ ይህ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከጻፍን በኋላ በአማርኛ እናንብብላቸው፤ በመስኮቱ ፊት ቆመው የሚጠየቁት እነርሱ ናቸውና። ዋጋም አንቀበል።

የእኒያ እናት አዲሱ ደብዳቤ ስለ ገንፎው ሳይቀር ይናገራል። ይፈቀድላቸው እንደሆነ ገና አልታወቀም። ቢከለከሉ እንኳ በራሳቸው ቃል ይከልከሉ እንጂ በሌላ ሰው ሐሰት አይከልከሉ።