አምስት ኪሎ ሜትር፣ በየትኛው መስመር?

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ባቀረብኩት ሥራ ላይ «ደጀን ከጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች» ብዬ ጻፍኩ። ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክቼ ነበር። አንድ የደጀን ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ አንብቦ «አንተ፣ አሞራ ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። የመኪናው መንገድ ለካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ያ እጥፍ ከየት መጣ? (ጋዜጠኝነት የገባነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው የሚሉን አሉ፤ እስቲ ይዩን!) እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዓባይ በረሃን ጥልቀት ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ 1.4 ኪሎ ሜትር እንበለው። ወንዙን መሀል ላይ ብናደርገው በእያንዳንዱ ወገን 10 ኪሎ ሜትር አግድም ይኖራል። እንግዲህ የፓይታጎረስ ሕግ ይምጣ። 10 በ10 ሲባዛ 100፣ 1.4 በ1.4 ሲባዛ 2 ገደማ፣ ድምሩ 102፤ ስኩዌር ሩቱ 10.1 ነው። ያ ሁሉ ገደል በአንድ ወገን የጨመረው 100 ሜትር ብቻ! ቀሪውን ያመጣው ጠመዝማዛው ነው። መኪና ገደሉን ቀጥ ብሎ መውረድ ስለማይችል ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር በጎነ ሦስቱ አንድ ጎን ፋንታ ሁለቱን ይሄዳል።

የጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው እንደሚበልጥ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጦ ጽፏል። የኤፊቆሮስ ተከታዮች ግን ይህንንማ አህያም ታውቀዋለች ብለው እንዳፌዙበት ፕሮክሎስ ይነግረናል። አህያ ወደ ድርቆሿ ቀጥ ብላ ነዋ የምትሄደው! የእኛ አገር አህያ ግን ገደል አለባት፤ ዞራ ነው የምትደርሰው።

ቀጥታ ርቀት ውሸት ነው አልልም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ደግሞ 565። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጥፋቱ የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩ ቁጥሩን ብቻ መወርወር ነው። እንደ እኔ እምነት ርቀት የሚጽፍ ዘጋቢ «በአየር ነው፣ በመኪና ነው፣ ወይስ በእግር?» ብሎ ሳይጠይቅ ብዕር ማንሳት የለበትም። የገጠር ሰው ከሆነ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ትቶ ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብሎ ይጠይቅ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ያደግኩት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ከደጃችን ይታያል። በካርታ ቢለካ 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታላቅ እህቴ ምጥ የያዛት ዕለት ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመዋት ጎህ ሲቀድ ወጡ፤ ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገቱን ጨርሰው ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ።

በዚያው ዓመት አንድ ዜና የእኛን አካባቢ ስም ጠርቶ ነዋሪው በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ የጤና አገልግሎት ያገኛል አለ። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው አጎቴ ነበር። ሬዲዮኑን ዘጋና ከብቶቹን ሊያስገባ ወጣ።