የሬቲና የደም ሥር ዕጢና የሠራተኛው የሕክምና ማስረጃ

በጅዳና በመካ መካከል በሚገኘው ሹመይሲ ወደ አገር መመለሻውን የሚጠባበቅ ሠራተኛ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ፓስፖርቱና ስለ ጉዞ ሰነዱ ነው፤ የሕክምና ማስረጃ በቀላሉ ይረሳል። ክትትሉ ዓመታት ለሚፈጅ የዓይን በሽታ ግን ይህ ወረቀት የማየትና ያለማየት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ አንዱ ማሳያ ሄማንጂዮብላስቶማ የተባለው የሬቲና የደም ሥር ዕጢ ነው። ሬቲና በዓይን ውስጠኛ ጀርባ ላይ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ወደ አንጎል መልእክት የሚቀይር ስስ ሽፋን ነው። ዕጢው ወደ ሌላ አካል የሚዛመት ካንሰር ባይሆንም፣ ከደም ሥሮቹ ፈሳሽ እያፈሰሰ የእይታን ማዕከል ያበላሻል፤ ውሎ አድሮም ሬቲናውን ከመቀመጫው ሊያላቅቅ ይችላል። ሲጀምር አያምም፤ ዓይንም አያቀላም።

ሕክምናው በመጠንና በቦታ ይለያያል። በሬቲና ጠርዝ ላይ ያለ፣ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዕጢ በሌዘር ሊከስም ይችላል። ከፍ ያለው ክራዮቴራፒ በተባለው የማቀዝቀዝ ሕክምና ይታከማል፤ አንዳንዴም መደጋገም ያስፈልገዋል። ሬቲና ከተላቀቀ በኋላ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከባድ ነው፤ እይታን የመመለስ ተስፋውም ያነሰ ነው። ዕጢው በዓይን ነርቭ ራስ ላይ ሲበቅል ደግሞ ሌዘሩ ነርቩን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሐኪሞች በቅርብ መከታተልን የሚመርጡበት ጊዜ አለ።

ዕጢዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ወይም በሁለቱም ዓይኖች ሲታዩ ቮን ሂፐል ሊንዳው የተባለው የዘር በሽታ ይጠረጠራል። መንስኤው የሆነው ጂን በ1993 እ.ኤ.አ. ተለይቷል። በሽታው በአንጎል፣ በአከርካሪ፣ በኩላሊትና በቆሽት ላይም ዕጢ ያስከትላል፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው። እንግዲህ ጅዳ ላይ የተገኘ ውጤት ወሎ ወይም ጎንደር ያሉትን ልጆች፣ እህቶችና ወንድሞች ጭምር ይመለከታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋም ችግር አለ። ‹ወረም› የሚለው የዐረብኛ ቃል እብጠትንም ዕጢንም ያመለክታል። አስተርጓሚው «እብጠት ነው» ብሎ ካለፈ፣ ታማሚው በራሱ የሚሟሽሽ ነገር መስሎት ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። ስለሆነም የበሽታውን ስም በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

የግል ዘርፍ ሠራተኛን በጤና መድን ማስገባት በሳዑዲ ዐረቢያ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ግዴታው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሏቸውን አሠሪዎች አካትቷል። እርምጃው በጎ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቤት ብቻዋን የምትሠራ እህት በዚህ ድንጋጌ አልታቀፈችም። የእይታ መደብዘዝ ወይም ጥላ የገጠማት ሠራተኛ የጤና ሚኒስቴርን የ937 የስልክ መስመር መጠየቅ ትችላለች።

በጅዳ የተጀመረ ሕክምና በአዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንዲቀጥል ሐኪሙ የትኛው ዓይን፣ መቼና በምን ዘዴ እንደታከመ ማወቅ አለበት። የሬቲናው ፎቶግራፍ ከተገኘ፣ ዕጢው ማደግ አለማደጉን የሚያነጻጽርበት ዋነኛ መነሻው እሱ ነው። ስልክ ሊጠፋ ስለሚችልም ቅጂውን አስቀድሞ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ መላክ ያስፈልጋል።