አሞራ ሁሉ አንድ አይደለም

ባለፈው ክረምት፥ አንድ ቅዳሜ ጧት፥ እያካፋ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በእግሬ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ተጠልሎ ስለ ነበረ ወፎቹ አልሸሹም። ራሰ ነጩ ዓሣ አዳኝ ንስር ከዋርካው ላይ ጮኸ። በአሞራ ገደል ግን አባ ኮዳዎች አጥማጆች የጣሉትን የዓሣ አንጀት ይለቅሙ ነበር። አባ ኮዳ መልኩ አያምርም ተብሎ በድንጋይ ይወገራል፤ እኔም ወግሬዋለሁ። መላጣነቱ ግን ጥንብ ሲበላ ላባው እንዳይቆሽሽ የሚጠቅመው ነው። እርሱ ባይለቅምልን ሽታውን ማን ይችለው ነበር?

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ የውጭ አገር እንግዳ በመነጽር እያየ የእያንዳንዱን ስም ሲጽፍ፥ እኛ ባለ አገሮቹ ሁሉንም «አሞራ» ብለን እናልፋለን። በእኔ አስተያየት ትምህርት ቤታችን የወፎች መዝገብ ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው መስመር ከእኔ ይሁን፦ አባ ኮዳ፥ 14፥ ዝናብ ላይ ቆመው።