ጂን «የሚያስተካክል» ዘይት አለ?

«ማይክሮ አር ኤን ኤን አስተካክሎ ካንሰርን ከሥሩ ይነቅላል» እየተባለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት በውድ ሲሸጥ ብታዩ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ጂን ፕሮቲን ለማሠራት መልእክት ይልካል። ማይክሮ አር ኤን ኤ ወደ 22 ፊደል ብቻ ያላት ቁራጭ ናት፤ መልእክቱ ላይ ተለጥፋ ታፍነዋለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ላይ ደረሱባት፤ በ2024 ኖቤል ተሸለሙ። ቁራጯ ስትጎድል ትሏ የጨቅላነት ደረጃዋን እየደጋገመች በወጉ አታድግም። ሱብሐነላህ!

በሰውም በ2002 ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ደም ካንሰር ባለባቸው በአብዛኞቹ ታማሚዎች ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ጠፍተው ወይም ቀንሰው ተገኙ። እነርሱ ሲጎድሉ ሴሉን ከሞት የሚከላከል ፕሮቲን ይበዛል። ሌሎች ደግሞ በካንሰር ውስጥ ከልክ በላይ ይበዛሉ። ታዲያ ዘይቱ የትኛዋን ጨምሮ የትኛዋን ይቀንሳል? ሻጩን ጠይቁት። አንዷን ለመተካት በተመራማሪዎች የተሠራ መድኃኒት እንኳ በ2016 በሰውነት መከላከያ ላይ ከባድ ጉዳት ስላስከተለ ሙከራው ተቋርጧል።

ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወደሰ ነው፤ ከኔም ቤት አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን መታከምንም አዘዋል። ኬሞቴራፒ የጀመረ ቤተሰብ ካላችሁ የሚወስደውን ዘይትና ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። ለጠርሙስ ብሎም ቀጠሮውን እንዳይዘል።