ሕፃኑ የት ይቀመጣል?

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ከውጭ የሚመጡ ልጆቻችን መኪና ተከራይተው ቤተሰቡን ይዘው ይወጣሉ። ከሱሉልታ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከቡራዩ ወደ አምቦ፣ ከሰበታ በወሊሶ አድርገው ወደ ወንጪ። ደስ ይላል። ኪራዩ ላይ ግን ክርክሩ ሁሉ የዋጋና የነዳጅ ነው፤ ሕፃኑ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ የለም። የታወቀ ነዋ፣ አያቱ ጭን ላይ!

እኛ አያቶች እቅፋችንን እናምናለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ ግን 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ለቅጽበት 300 ኪሎ ያህል ከብዶ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። ከአያቱ ጋር በአንድ ቀበቶ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል።

ስለዚህ ቀብድ ሳይከፈል የኋላው ቀበቶ ተስቦ፣ ተቆልፎ ይታይ። አንዳንዱ አባዱላ ላይ ቀበቶው በወንበር ልብስ ታፍኖ ነው የሚገኘው። የሕፃን መቀመጫ በኪራይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ልጆቻችሁ የራሳቸውን ይዘው ይምጡ፤ ብዙ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይጭኑታል። የወገብ ቀበቶ ብቻ ባለበት ወንበር ላይ የማይታሰር አለና ከመነሻው ቀን በፊት ይሞከር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥ፤ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ግን በፍጹም አይሆንም።

ካለቀሰ መኪናው ዳር ይዞ ይቁም፣ ወርዶ እግሩን ያፍታታ። እየተሄደ ግን አይፈታ፤ አያቱ ቢለምኑም።